ዜሮ የተጻፈባቸው ቀናት፦ ስድስት ቀን በቁስቋምና በሽሮ ሜዳ

ይህን የምጽፈው ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በመንገድ ላይ የያዝኩት ደብተር በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ዝናብ ስለመታው ግማሹ ገጽ ዛሬ አይነበብም። የቀናቱን ቅደም ተከተል አልስትም። ሰዓቱን፣ ማን ምን ለብሶ እንደነበርና የትኛው ቃል ከየትኛው ቀድሞ እንደተነገረ ግን ልሳሳት እችላለሁ። አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይወቅልኝ፤ በገዛ ትዝታዬ የማልተማመን ሰው ያደረገኝ ይኸው ጉዞ ነውና።

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ከባልደረቦቼ ጋርም ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን በእንቅስቃሴና በምክር ስለ መቆጣጠር ጥናት እንሠራለን። ከተሳታፊዎቻችን ጥቂቶቹ የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ነው። በየቀኑ ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አስር በሚሆን ቁጥር በደብተር ይመዘግባሉ፤ እኔም በየሦስት ሳምንቱ እየደወልኩ ከቅጽ ላይ እጠይቃቸዋለሁ። ከሁሉም ያማረ ውጤት የታየባቸው አቶ ማርቆስ የሚባሉ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ። በሰባት ጀምረው፣ ወደ አራት ወርደው፣ ከዚያ ዜሮ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። በጽሑፋችን ውስጥ ለብቻቸው አንድ ክፍል ልሰጣቸው አስቤ ነበር። የሄድኩትም በዋናነት ያንን ዜሮ በዓይኔ ለማየት ነው።

ሰኞ

ሐዋሳን የለቀቅነው ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ ሐይቁ ላይ ጉም ገና አልተነሳም ነበር። እስከ ሞጆ ድረስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ከሞጆ በኋላ ነቅቶ የልጁን ሠርግ ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ አወጋኝ። ቃሊቲ ስንደርስ ዝናብ ተቀበለን።

የሐዋሳ ሰው መሬት ማለት ሜዳ ነው ብሎ ያድጋል። ከቤቴ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ባጃጅ ሞተሩን ሳያስጮህ ይደርሳል። እዚህ ግን ከፒያሳ ወደ ላይ ታክሲው እያቃሰተ ሲወጣ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያግዘው ይመስል ወደ ፊት አዘነበለ። ሽሮ ሜዳ ስወርድ ስልኬ ከእርጥብ እጄ አምልጦ ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ሲደወልለት ይጮኻል፣ ግን ምንም አያሳይም። የጠየቅኩት ጠጋኝ፣ «ዕቃው የለም፤ ሌላ ቦታ ሞክር» ብሎ መለሰልኝ። ይህ የስልክ ነገር እዚህ ግባ የማይባል መስሎኝ ነበር።

ያረፍኩት ቁስቋም፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አክስት በሆኑት በእትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ሰላምታ መስጠት አቃተኝ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ። የቆላ ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ መቀመጥ ነው፣ ሰላምታው ይደርሳል» አሉኝ።

ምስር ወጥ በጎመን አቀረቡልኝ። ሐዋሳ ማታ በሸሚዝ እንቀመጣለን፤ እዚህ የሳቸውን ሹራብ ደርቤ በላሁ።

ማክሰኞ

ስነሳ ወገቤ እንቢ አለኝ። አልጋው የሽቦ ነው፤ መሃሉ ጎድጉዶ ሌሊቱን እንደ ቅርጫት አቅፎኝ አድሯል። ለተማሪዎቼ ከአልጋ ስለ መውረድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የማስተምር ሰው በአራት እግሬ ወረድኩ።

«እንዴት አደርክ? አልጋው ተመቸህ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና አደርኩ» አልኩ፣ የበሩን መቃን እንደያዝኩ።

«እሰይ! የባለቤቴ አልጋ ነው። ለእንግዳ ካልሆነ ማንም አይተኛበት።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

አቶ ማርቆስ ከሽሮ ሜዳ ገበያ በስተጀርባ ባለ ጠባብ መንደር ይኖራሉ። በሩን ስገፋ የሽመና ዕቃው ፊት ለፊት ነው፤ እሳቸው መሬቱ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫው ላይ፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል። ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ጥግ ላይ ማግ ያጠነጥናሉ።

«ዶክተር! ይግቡ፣ ይግቡ» አሉ አቶ ማርቆስ። «በስልክ ወፍራም ነበሩ፤ ሐዋሳ ዓሣው አልቋል እንዴ?»

«ዶክተር እኮ አይደለሁም፣ ጋሽ ማርቆስ።»

«እሺ ዶክተር።»

ከጸሎት በኋላ ዳቦና በቆጭቆጫ የተሠራ የሚያስለቅስ ማባያ ቀረበ። ደብተራቸውን አየሁ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ የተጻፈ፣ ልክ እንደ ጥለት።

«አሁንስ እንዴት ነው ወገብዎ?»

«ጌታ ይመስገን! ተፈውሻለሁ።»

ወይዘሮ ዘነበች ማጠንጠናቸውን አቆሙ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ይህን እርግጠኛ ሆኜ አስታውሳለሁ።

ጋደም ይበሉና ልመርምርዎ ስላቸው ለሠርግ የታዘዘ ሥራ አለብኝ፣ ሐሙስ ይሁን አሉኝ። ለመሄድ ስነሳ ዓይኔ ጭናቸው ላይ ባለው ሸማ ላይ ዐረፈ። ጥለቱ ውስጥ እዚህም እዚያም መስመሩ ዘሏል።

«ይህ እንዲህ ነው የሚሠራው?»

«ኧረ ዶክተር ሸማም ያነባሉ!» ብለው ሳቁ። ሸማውንም በነጠላቸው ሸፈኑት።

ዳገቱን ስመለስ ወገቤ በየእርምጃው ይቆነጥጠኝ ነበር፤ ከሱ የበለጠ የቆነጠጠኝ ግን ያ ነጠላ ነው። ሠላሳ ዓመት የሸመነ ሰው ጥለት ይስታል?

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወጣሁ። እዚያ ችግኝ የሚተክሉ ወይዘሮ ስንዱ የተባሉ ተሳታፊ አሉን። የእኛ አገር ዛፍ ጥላ ነው፤ የዚህ ዛፍ ደግሞ ብርድ ያንጠባጥባል። ወይዘሮ ስንዱ ጎንበስ ካሉበት ቀና ሳይሉ ተቀበሉኝ።

«ዛሬ ስንት እንጻፍ?»

«ስምንት።»

«ደብተርዎ ላይ ትናንት አምስት ይላል።»

«ትናንት አንተ መቼ መጣህ? ለሚያየው ሰው ነው የሚነገረው።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ቁጥሩ ለማን እንደሚነገር አንድም ቅጻችን ላይ አልጠየቅንም። ስመለስ ጭቃው አንሸራቶኝ በመቀመጫዬ አረፍኩ። ደብተሬ ዝናብ የጠጣው ያን ጊዜ ነው።

ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት እትዬ አስካለ ካልሲዬን ለመልበስ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ስታገል ደረሱብኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም፣ ደህና ነኝ።»

«በማርያም! የወገብ ሐኪም ሆነህ ካልሲ ያቃትሃል? አልጋው ነው አይደል? ከትናንት ጀምሮ እየዋሸኸኝ ነው።»

«እትዬ፣ የባለቤትዎ አልጋ…»

«እሱም እኮ አርባ ዓመት ወገቤን ይል ነበር!» ብለው እያሳቁኝ ከጓዳ ሳንቃ አመጡ፤ ፍራሹን አንስተው ከሥሩ አጋደሙት፤ በጠርሙስ የሞቀ ውሃም በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «ያሳረፈህን ሰው ላለማስቀየም ብለህ ሰንብተህ ልትጎብጥ ነበር?» አሉኝ።

ሳንቃው ላይ ጀርባዬን ዘርግቼ ስተኛ ጥያቄው አብሮኝ ተኛ። እኔ «ደህና ነኝ» ያልኩት አልጋ ለሰጠኝ ሰው ነው። አቶ ማርቆስ «ተፈውሻለሁ» የሚሉት ለማን ነው?

ሐሙስ

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሽሮ ሜዳ ነበርኩ። አቶ ማርቆስ ክር ሊያመጡ ወጥተዋል። ወይዘሮ ዘነበች ሻይ ቀዱልኝ፣ ስኳሩን ግን ረሱት።

«ጥለቱን አይተውታል አይደል?» አሉኝ በዝግታ።

ተነስተው ከመጠቅለያው ላይ ሸማውን ይዘረጉ ጀመር። ክንድ በክንድ ወደ ኋላ ሄድን። ስህተቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ ስንሄድ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ ንጹሕ ጥለት ተገኘ።

«ከዚህ ወዲህ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው» አሉ። «ግራ እግሩ መርገጫውን ይስታል። ጫማው ከእግሩ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እኔ ነኝ ከኋላ የምለቅመው። አያውቀውም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መስክሮ እኮ ነው!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ ጌታ ወገቤን ፈወሰኝ አለ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ነካ። ሕዝቡ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ማን ሕመም ይናገር?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ሌላም አለ። እንደ ወንድሜ ስለማይዎት ነው። ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ሽንት አልወርድ ብሎታል። ይቀመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይመጣል አይመጣም አያውቅም።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ከወገብ በታች እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው የሚወርዱ ነርቮች አሉ፤ እነሱ ሲታፈኑ የሚመጣው ይህ ነው። በቶሎ ካልተፈቱ እግሩም ሽንቱም ላይመለስ ይችላል። ማክሰኞ ማታ ማለት እኔ እዚህ ቤት ዳቦ በልቼ ከሄድኩ በኋላ ነው።

«በስልክ የደወሉለት ጊዜ ይህን ጠይቀውት አልነበር?» አሉኝ።

«ጠይቄያቸዋለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የእግር መደንዘዝ፣ መዛል፣ የሽንት ችግር፣ የመቀመጫ አካባቢ ስሜት ማጣት፤ ሁሉም «የለም» በሚለው ዓምድ ሥር ተሞልቷል። የተሞላው ግን በየመስመሩ በተናጠል ምልክት ሳይሆን ከላይ እስከ ታች በተሰመረ አንድ መስመር ነው። አቶ ማርቆስ «የለም፣ የለም፣ ጌታ ይመስገን የለም» ሲሉኝ በጆሮዬ ይሰማኛል፤ ከበስተጀርባው የመወርወሪያው ድምፅ ጭምር። ነገር ግን ያን መወርወሪያ የሰማሁት ማክሰኞ ሊሆን ይችላል።

አቶ ማርቆስ ገቡ። የተዘረጋውን ሸማ አዩ፤ ባለቤታቸውን አዩ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ፤ መወርወሪያውን አንስተው በእጃቸው ያዙ። ከማጉ አንድ ክር ቆርጬ ዓይንዎን ይጨፍኑ አልኳቸው። ቀኝ እግራቸውን በክሩ ስነካ «አዎ» አሉ። ግራውን ነካሁ። ዝም። ውጩን፣ ተረከዙን፣ ባቱን። ዝም።

«ገና አልጀመሩም?» አሉኝ።

ወይዘሮ ዘነበች ፊታቸውን አዞሩ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ዛሬ፣ አሁን ሆስፒታል መሄድ አለብን።»

«ዜሮ ስጽፍ አልዋሸሁም» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ደብተሩ ‹ሕመምዎ ስንት ነው› ነው የሚለው። አያመኝም። ምንም አይሰማኝም።»

ከጉዞው ሁሉ በትክክል እንደተነገረ የምምልበት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሕመም የሚሄደው ሁልጊዜ ስለዳነ አይደለም፤ ነርቩ መናገር ሲያቅተውም ይሄዳል። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በጥናቱ ውስጥ ያማረው ውጤታችን ግን ይህ ነበር።

«ሰው ፊት ቆሜ ተፈወስኩ ብያለሁ» ቀጠሉ። «ዛሬ ሐኪም ቤት ብተኛ ማንን ነው ውሸታም የማደርገው? እኔን ወይስ ጌታን?»

«የመሰከሩ ዕለት ያምዎት ነበር?»

«እውነቴን ነው፣ ለቆኝ ነበር።»

«እንግዲያው የመሰከሩት እውነት ነው። ስለዚያ ቀን አልጠየቅኩዎትም።» ከዚያ የራሴን ነገርኳቸው፤ ስለ ሽቦው አልጋ፣ ስለ መቃኑ፣ ስለ ካልሲው። «ያሳደሩኝን ሴት ላለማስቀየም ሁለት ቀን ዋሸሁ። ሴትዮዋ ሲያውቁ የተቀየሙት በአልጋው አይደለም፣ በዝምታዬ ነው።»

አቶ ማርቆስ መወርወሪያውን በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር። ደቂቃው ይሄዳል፤ እኔ የምቆጥረው ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ነው።

«እሺ፣ እኔ ልመስክራ!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች ድንገት። «እሑድ እኔም ልነሳ። ‹ጫማው ከእግሩ ሲወድቅ የማያውቅ ባል አለኝ፣ ሃሌ ሉያ› ልበል?»

አቶ ማርቆስ አፈጠጡባቸው። ከዚያ ሳይወዱ ሳቁ።

«ይቺ ሴትዮ ታደርገዋለች» አሉኝ። «እሺ። ይቺን አንድ ጥለት ልጨርስና…»

ወይዘሮ ዘነበች መወርወሪያውን ከእጃቸው ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ታክሲ አስቁመን ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረድን። ሁለት ጊዜ ጫማቸው ወለቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወይዘሮ ዘነበች አነሱት። በእኛ አገር የሆስፒታል ግቢ አስታማሚ ዛፍ ሥር ሰሌን ዘርግቶ ይጠብቃል። እዚህ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግድግዳው ይበርዳል። ምርመራው የፈራሁትን አረጋገጠ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቧቸው ወይዘሮ ዘነበች ቦርሳቸውን አቅፈው ቆሙ። ከሳቸው ሌላ እዚያ ከቆመው ሰው መወርወሪያው ውስጡ እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስደርስ አቶ ማርቆስ ነቅተው ነበር፤ የግራ እግራቸው ጣቶች ግን አልተንቀሳቀሱም። ያከመቻቸው ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አነጋገረችኝ።

«በጊዜው ነው የመጣችሁ፣ ግን በጠባቡ። አንድ ቀን ብትቆዩ እንዲህ ተስፋ አልሰጥህም ነበር። ስለ መደንዘዙ መጀመሪያ የተጠየቀው መቼ ነው?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በስልክ።»

«ምን አሉ?»

«የለም ነው ያሉት። ቅጹ ላይ አለ።»

ጻፈችው። እኔ የማላውቀው ነገር በሷ እጅ የተመዘገበ እውነት ሆነ። ላስቆማት አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ በሽተኛ ጠራት፣ ሄደች። ላስቆማት ፈልጌ ነበር? ዛሬ እንዲህ እጽፋለሁ።

ቀትር ላይ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሾርባና ብርቱካን ይዘው መጡ። አቶ ማርቆስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንድ ሽማግሌ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ሾርባውን በማንኪያ እያቀዘቀዙ፣ «ማርቆስ፣ ምስክርነትህን አልጨረስክም ማለት ነው እንጂ ምን ታፍራለህ? ቀሪውን ትነግረናለህ» አሏቸው። አቶ ማርቆስ ዞሩ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሾርባውን ተቀበሉ።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነበር። የሽንት ቱቦው የወጣላቸው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይመስለኛል። ወይዘሮ ዘነበች ከመጋረጃው ወዲህ፣ እኔ ከኮሪደሩ ወዲያ ቆምን። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከመጋረጃው ውስጥ የአቶ ማርቆስ ድምፅ መጣ፦ «ዘነበች! መጣ! አወቅኩት!» ወይዘሮ ዘነበች በሆስፒታል መሃል እልል አሉ፤ ነርሷ ተቆጣቻቸው፤ ቀጥላም ራሷ ሳቀች።

ቅዳሜ

እትዬ አስካለ የአውቶብሱ ወንበር ጎርባጣ ነው ብለው ለወገቤ መደገፊያ የሚሆን ትራስ ሰጡኝ፤ አልወስድም እንዳልል በዚያው ዳቦ ጠቅልለውበታል። «አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ወገብህ እንዴት ነው?»

«ያመኛል፣ እትዬ።»

«እንዲህ በል! ደህና ግባ።»

ወደ ቃሊቲ ከመሄዴ በፊት ጳውሎስ ወረድኩ። አቶ ማርቆስ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የግራ እግራቸው አውራ ጣት በጭንቅ፣ በጥቂቱ ተነቃነቀ። ሙሉ በሙሉ ይመለስ አይመለስ ማንም ሊነግረን አልቻለም፤ ዛሬም ይህን ስጽፍ ሲራመዱ ያነክሳሉ፣ ሽመናውንም ገና አልጀመሩም።

«ደብተሩን አምጣ፣ ዛሬን እንሙላ» አሉኝ። አንተ ያሉኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ስንት ልጻፍ?»

«ስድስት። እግሬን እንደ እሳት ይለበልበኛል። ያማል! ጌታ ይመስገን፣ ያማል!»

ስድስት ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ደብተር ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ሲነገር አጠገቡ ሆኜ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መንገዱ ቁልቁል ነበር። ከሞጆ በኋላ ሙቀቱ ሲቀበለኝ ሹራቡን አወለቅኩ፤ የእትዬ አስካለ ሹራብ መሆኑን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ተመልሶ ተልኳል።

ከተመለስኩ በኋላ

ስልኩን ሐዋሳ ያለ ጠጋኝ በሁለተኛው ሳምንት ሠራልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የጥሪ ዝርዝሩን ሳልከፍት ያዝኩት። በኋላ ከፈትኩት። ያገኘሁትን ለጥናት ቡድናችን በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ ለሐኪሟም ያን ዓርብ በኮሪደሩ ላይ የነገርኳትን እንድታርም ጽፌላታለሁ፤ ለአቶ ማርቆስና ለወይዘሮ ዘነበችም ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። አቶ ማርቆስም «እንግዲያው አንተም መስክረሃል» አሉኝ።

ቅጹን ጮክ ብዬ፣ መልስ የሚሰጠኝ ሰው ሳይኖር፣ በሰዓት ለክቼ አነበብኩት፤ አራት ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ። ቅጹን የሞላሁበት የአቶ ማርቆስ ጥሪ፣ ሰላምታውን ጨምሮ፣ የቆየው ሁለት ደቂቃ ከአስራ አንድ ሰከንድ ነው።